ሸክላና አደራ

የሰው ልጅ በተፈጥሮው አዲስ ነገር ይወዳል። አዲስ ልብስ የለበሰ ሰው በአደባባይ ሲያልፍ ዓይን ሁሉ ይከተለዋል፤ አዲስ ቤት የሠራም ጎረቤቱን ጠርቶ ያስመርቃል። አሮጌ ዕቃ ግን ብዙ ጊዜ ከድህነት ጋራ ይቆጠራል፤ ሌላ ሰው የተገለገለበትን ገዝቶ የሚጠቀም ሰውም ሰልባጅ ለባሽ እየተባለ ይታማል። ዳሩ ግን በዓለም ላይ አንድ ዓይነት ሀብት አለ፤ ይኸውም ከእጅ ወደ እጅ በተላለፈ ቍጥር ክብሩ የሚጨምር እንጂ የማይጐድል ሀብት ነው። በዚህ ጽሑፍ ስለዚሁ ሀብት፥ ይልቁንም ስለ አሮጌ የዘፈን ሸክላዎችና እነርሱን ፈልጎ መሰብሰብ ስለሚሰጠው ደስታ ጥቂት ለመናገር አስቤአለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከጋምቤላ ብጀምር አንባቢ አይገረም፤ ጋምቤላ ይህን ትምህርት ሸክላና ግራሞፎን ሳይታወቁ አስቀድሞ ያውቀው ነበርና። በባሮና በአኮቦ ወንዞች አገር የሚኖሩት አኙዋኮች ዲሙይ የሚሉት ከጥንት የወረደ የብርጭቆ ዶቃ አላቸው። ይህ ዶቃ የጋብቻ ጥሎሽ ነበር። ወጣቱ ሚስት ሊያገባ ሲያስብ ዶቃውን እንደ ጨው ከገበያ ገዝቶ አያመጣውም፤ እኅቱ ስትዳር ወደ ቤተ ሰቡ የገባው ዶቃ ለእርሱ መዳሪያ ይሆናል፤ ከእርሱም ወደ ሚስቱ ወንድም ይሻገራል። እንግዲህ ያ ዶቃ የስንቱን ትዳር እንዳቆመ፥ በስንት እጅ እንዳለፈ ማን ሊቈጥር ይችላል? ዶቃው አሮጌ ስለ ሆነ ማንም አልናቀውም፤ እንዲያውም የተከበረው በዚሁ ነው።

ከዲሙይ የሚበልጥ ምሳሌም አለ። ኢቫንስ ፕሪቻርድ የተባለው እንግሊዛዊ የሕዝቦች ባሕል ተመራማሪ በ1940 ስለ አኙዋኮች አስተዳደር ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጸው፥ የአኙዋክ መኳንንት የንግሥና ምልክት የሚሆን አንድ የዶቃ ጌጥ ነበራቸው። ያን ዶቃ ያሰረ ሰው ይከበራል፤ ነገር ግን ለዘለዓለም የእርሱ አይሆንም። ሌላው የመኳንንት ወገን ይፎካከርበታል፤ ዶቃውም ከአንዱ አንገት ወደ ሌላው አንገት ይዛወራል። ክብሩ ዶቃውን ቆልፎ በማስቀመጥ ሳይሆን ተቀብሎ በመያዝና ለሚከተለው በማሳለፍ ነበር። ዕቃን በአደራ መያዝ ማለት ይህ ነው። አሮጌ ሸክላ የሚሰበስብ ሰውም ሥራውን በዚህ መንፈስ ቢይዘው ይጠቀማል፤ በሌላ መንፈስ ቢይዘው ግን በኋላ እንደምናየው ይጐዳል።

ጋምቤላ ከተማ ራስዋ ከእጅ ወደ እጅ መተላለፍን በታሪክዋ ታውቃለች። በ1902 አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ በተዋዋሉት ውል፥ በባሮ ወንዝ ዳር በኢታንግ አቅራቢያ የወንዝ ፊቱ ከ2,000 ሜትር፥ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ እንዲሆን ተፈቀደ። ጣቢያው በጋምቤላ ተቋቋመ። በክረምት ወንዙ ሲሞላ ከካርቱም የሚነሡት የእንፋሎት መርከቦች እስከዚያ ይደርሱ ነበር፤ ቡናና ሰም ቆዳም ጭነው ይወርዳሉ፤ ጨርቅና ጨው ልዩ ልዩ ሸቀጥም ይዘው ይወጣሉ። ጣቢያው በ1936 በኢጣልያ እጅ ወደቀ፤ በ1941 ነፃ ወጣ፤ በ1956 ደግሞ ሱዳን ነፃነትዋን ባገኘችበት ዓመት ለኢትዮጵያ ተመለሰ። የዚህ ወደብ ዘመንና በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው የጥንቱ ሸክላ ዘመን አንድ መሆናቸውን ልብ ማለት መልካም ነው። ሁለቱም ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ጀምሮ አበቡ፤ ሁለቱም በ1950ዎቹ ቦታቸውን ለሌላ ለቀቁ። ወደቡ ዕቃን ከአገር ወደ አገር አሻገረ፤ ሸክላው ደግሞ የሰውን ድምፅ ከዘመን ወደ ዘመን።

ድምፅን ይዞ የማስቀረት ጥበብ የተጀመረው ኤዲሶን የተባለው አሜሪካዊ በ1877 ፎኖግራፍን በሠራ ጊዜ ነው። የእርሱ መሣሪያ ድምፅን የሚቀርጸው በቱቦ ላይ ነበር፤ ቆይቶም የሰም ቱቦ መጣ። በ1887 በርሊነር የሚባል ጀርመን ተወላጅ በቱቦው ፈንታ ጠፍጣፋ ክብ ሰሌዳ አደረገ፤ ግራሞፎን ያለውም ይህን ነው። የዚህ ክብ ሰሌዳ ጥቅሙ ከአንድ ቅርጽ ላይ ብዙ ቅጂ ለመጫን መቻሉ ነው። የቀድሞዎቹ ሸክላዎች የተሠሩት በሕንድ አገርና በአካባቢው በዛፍ ላይ የሚኖር አንድ ትንሽ ነፍሳት ከሚያወጣው ሙጫ ነበር፤ ስለዚህ ከእጅ ቢወድቁ እንደ ገል ይሰበራሉ። በ1948 በደቂቃ 33 ጊዜ ከሢሶ የሚዞረው ትልቁ ሸክላ፥ በ1949 ደግሞ 45 ጊዜ የሚዞረው ትንሹ ሸክላ ወጡ። እነዚህ ከፕላስቲክ የተሠሩ ስለ ሆኑ በቀላሉ አይሰበሩም፤ ስማቸው ግን በአገራችን ሸክላ እንደ ሆነ ቀረ።

የዚህ ጥበብ ወሬ ወደ ኢትዮጵያ የደረሰው ቶሎ ነው። በ1898 የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአፄ ምኒልክ የቃል መልእክት በሰም ቱቦ ላይ ቀርጻ ላከች። ንጉሠ ነገሥቱ በአዲስ አበባ ሰሙት፤ በ1899 እርሳቸውና እቴጌ ጣይቱም ድምፃቸውን ቀርጸው መልስ ላኩ። የንግሥቲቱ ቱቦ ግን ከተሰማ በኋላ እንዲሰበር ታዝዞ ስለ ነበረ ተሰበረ። ሰሙ ጠፋ፤ ወርቁም አብሮት ሄደ። ዛሬ ያንን ንግግር እንስማ ብንል ከየት እናገኘዋለን?

ከዚህ ጋራ ሌላውን ታሪክ አስተያይ። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ከ1908 ጀምሮ በጀርመን አገር የአውቶሞቢል ሥራ ለመማር ተልከው ሳሉ በዚያው ዘፈናቸውንና ግጥማቸውን በሸክላ አስቀረጹ። ኢትዮጵያዊ ዘፈን በሸክላ ሲቀረጽ የመጀመሪያው ይህ ነው። ተሰማ በጨዋታና በቅኔ የታወቁ ሰው ነበሩ፤ ልጃቸው ይድነቃቸው ተሰማም በአፍሪካ እግር ኳስ ታላቅ ስም ያተረፉ ሆነዋል። ሸክላዎቹ በዓለም ላይ ተበታትነው፥ ሁለት ጦርነቶችና ብዙ ለውጥ አልፎባቸው፥ ከመቶ ዓመት በኋላ እንደገና ታትመው ወጡ። የንግሥቲቱ ድምፅ ጠፍቶ የነጋድራስ ተሰማ ድምፅ የተረፈው ከንግሥቲቱ ስለሚበልጡ አይደለም፤ የእርሳቸው ሸክላ በጠባቂ ሰዎች እጅ ስለ ወደቀ ነው። የሰብሳቢ ሰው ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል።

እዚህ ላይ ሸክላ በሚለው ስም ጥቂት ቆም ማለት ይገባናል። በአገራችን ሸክላ ሠሪ የናቅነው ሰው ነበር። በሠራው ጀበና ቡና እየጠጣን፥ በሠራው ምጣድ እንጀራ እየጋገርን፥ ራሱን ግን ቡዳ እያልን ሸሸነው። ዘፋኙንም እንደዚሁ አደረግነው። በሠርጋችን ያለ አዝማሪ አንደምቅም፤ ልጃችን አዝማሪ ሊሆን ቢፈልግ ግን ቤተ ሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ ያለቅሳል። እንግዲህ የዘፈኑ ሰሌዳ ሸክላ መባሉ ምን ያህል ይገጥማል! የሁለት የተናቁ ሰዎች ጥበብ በአንድ ስም ተጠራ።

እኛ የናቅነውን አዝማሪ ጠላት ግን አልናቀውም። በ1937 ማርሻል ግራዚያኒ በአዲስ አበባ የመግደል ሙከራ ከተደረገበት በኋላ፥ ጠንቋዮችና አዝማሪዎች ተረት ነጋሪዎችም እየተያዙ እንዲገደሉ አዘዘ። መድፍና አውሮፕላን ያለው ሰው ማሲንቆ የያዘውን ምስኪን የፈራው ለምንድር ነው? የሕዝብን ትዝታ የሚይዘው እርሱ መሆኑን ስላወቀ ነው። ጠላት የገመተውን የእኛን ሀብት እኛ ሳንገምተው መቅረታችን የሚያሳዝን ነው። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል የተባለው ለዚህ ነው።

የዘመናዊው ዘፈናችን ታሪክም ከብዙ እጅ የተሠራ ነው። በ1924 አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ከኢየሩሳሌም 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን አምጥተው የነሐስ ሙዚቃ ጓድ አቋቋሙ፤ አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የኢትዮጵያን የመዝሙር ዜማ የደረሰ ሰው ነው። በ1935 የሀገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ። ከነፃነት በኋላም የክብር ዘበኛ፥ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራዎች እነ ጥላሁን ገሠሠን የመሳሰሉ ታላላቅ ድምፆችን አፈሩ። ነገር ግን በ1948 በወጣ ትእዛዝ ሸክላን ከውጭ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። ዘፋኙ በየመድረኩ ይዘፍናል፤ ሬዲዮም ያሰማዋል፤ በሱቅ የሚሸጥ ሸክላው ግን ጥቂት ነበር።

ይህን አጥር የጣሰው አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ነጋዴ ነው። በ1969 ከመንግሥት ፈቃድ ሳይጠብቅ የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን አስቀርጾ በሸክላ አሳተመ። በአገር ውስጥ የሸክላ ማተሚያ ስላልነበረ ሥራው ወደ ውጭ አገር እየተላከ ይታተም ነበር። ስማቸው ቢመሳሰልም አምሃና አለማየሁ ወንድማማች አልነበሩም፤ ያስተሳሰራቸው ያ ሸክላ ነው። ሁለቱም በአንድ ዓመት፥ በ2021 ማረፋቸው የሚያስገርም ነው። አምሃ እስከ 1975 ድረስ 103 ትንንሽና 12 ትልልቅ ሸክላዎችን አወጣ። በቅጽል ስሙ አሊ ታንጎ የሚባለው አሊ አብደላ ካይፋና የፊሊፕስ ኩባንያም ተከተሉት። ከ1969 እስከ 1978 ባለው ጊዜ ውስጥ በጠቅላላው 500 የሚጠጉ ትንንሽና 30 ያህል ትልልቅ ሸክላዎች ወጡ። አንድ ትልቅ ዘመን የሚባለው ሁሉ በእነዚህ ላይ የተቀረጸ ነው፤ ተደርድረው ቢታዩ አንድ ቁም ሣጥን አይሞሉም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። በ1974 ደርግ ሥልጣን ያዘ፤ የሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የሌሊት ቤቶች ጨዋታቸው ጠፋ። አምሃ በ1975 ወደ አሜሪካ ተሰደደ። በዚያው ወቅት ካሴት መጣ፤ ካሴት ርካሽ ነው፤ ማንም ሰው በቤቱ ሊገለብጠው ይችላል። ስለዚህ የሸክላ ሥራ በ1970ዎቹ መጨረሻ ቆመ። ሸክላ ማጫወቻው ሲበላሽ መርፌ የሚገኝለት ጠፋ፤ ሸክላውም ከአልጋ ሥር ገባ። ስንቱ እንደ ተጣለ፥ ስንቱ የድስት መክደኛ እንደ ሆነ እግዚአብሔር ይወቀው። ነገር ግን አንዳንድ ሰዎች፥ ባለጠጎችም ምሁራንም ያልነበሩ፥ ዝም ብለው በሣጥን አስቀመጡት። ለምን ታስቀምጡታላችሁ ቢባሉ ምናልባት መልስ አይኖራቸውም ነበር፤ ይወዱት ነበር፤ በቃ።

የዚህ ዝምተኛ ጥበቃ ፍሬ እንዴት እንደ ታየ አንድ ምሳሌ እንይ። ማሕሙድ አሕመድ በልጅነቱ ጫማ በመጥረግ ይተዳደር የነበረ፥ በኋላ ግን ስመ ጥሩ ዘፋኝ የሆነ ሰው ነው። በ1975 ኧረ መላ መላ የተባለው ትልቅ ሸክላው በካይፋ ታተመ። በ1984 ከዚህ ሸክላ አንዱ ቅጂ ከኢትዮጵያ በሰው እጅ ፈረንሳይ አገር ደርሶ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ሰው ሰማው። ሰምቶም ዝም አላለም፤ በካሴት እየገለበጠ ለወዳጆቹ አደለ፤ ቀጥሎም ዘፋኙን ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ መጣ። በ1986 ያ ዘፈን በቤልጅግ እንደገና ታተመ፤ ከ1997 ጀምሮ ደግሞ ኢትዮጲክስ የተባለው ተከታታይ ኅትመት በፓሪስ መውጣት ጀምሮ እስከ 30 ቅጽ ደረሰ። የሙላቱ አስታጥቄ፥ የጥላሁን፥ የአለማየሁ፥ የጌታቸው መኩሪያ ሥራ በዓለም ሁሉ ተሰማ። አንባቢ ሆይ፥ ልብ ብለህ ተመልከት፤ ይህ ሁሉ የተነሣው ከአንድ አሮጌ ሸክላ ነው። ያን ሸክላ ወደ ፈረንሳይ የወሰደው ሰው ዕቃ ያሻገረ መስሎት ነበር፤ ያሻገረው ግን አንድ ሙሉ ዘመን ነው።

አሁን ወደ ደስታው እንምጣ። አሮጌ ሸክላ የሚሰበስብ ሰው ሦስት ዓይነት ደስታ ያገኛል።

የመጀመሪያው የፍለጋ ደስታ ነው። አዲስ ዕቃ ገንዘብ ካለ ወዲያው ይገኛል፤ አሮጌ ሸክላ ግን ገንዘብ ይዘህ ብትወጣም በዕድልና በትዕግሥት ካልሆነ አይገኝም። ከመርካቶ የዕቃ ክምር መካከል፥ ከተሰበረ ሬዲዮና ከዛገ መቀስ ሥር አንድ ሽፋኑ የተቀደደ ሸክላ ስትስብና ሥዕሉን ስታይ የሚሰማህን ደስታ ያዘዝኸው ዕቃ ደጅህ ድረስ ቢመጣልህ አታገኘውም። ፍለጋው ራሱ ሰው ያስተዋውቃል፤ ከአንዱ አሮጌ ቤት ወደ ሌላው እየተመላለስህ ያላወቅኸውን ሰፈርና ያልሰማኸውን ታሪክ ታውቃለህ።

ሁለተኛው የማዳመጥ ደስታ ነው። በትንሹ ሸክላ በአንድ ፊት የሚገኘው አንድ ዘፈን ብቻ ነው። ሲያልቅ ተነሥተህ መገልበጥ አለብህ። ይህ ድካም ይመስላል፤ እውነቱን ለመናገር ግን ትምህርት ነው። ዛሬ በኪስ በሚያዝ ስልክ ሺህ ዘፈን ይገኛል፤ ሰውም አንዱን ሳይጨርስ ወደ ሌላው ይዘላል። በየመሶቡ እየዞረ አንዳንድ ጉርሻ የሚጐርስ ሰው ማንኛውንም ወጥ በደንብ ሳያጣጥም ይጠግባል። ሸክላ ግን፦ ተቀመጥ፥ ስማ፥ ጨርስ፥ ከዚያ ተነሥ ይላል። ከመርፌው ሥር የሚሰማው ጭረትም ደስ የሚል ነው፤ ከአንተ በፊት ሌላ ሰው ይህን ዘፈን ደጋግሞ እንደ ሰማው ይነግርሃልና።

ሦስተኛው የወዳጅነት ደስታ ነው። በብዙ አሮጌ ሸክላ ሽፋን ላይ የቀድሞው ባለቤት ስምና ቀን በእጅ ተጽፎ ይገኛል፤ ለእገሊት ማስታወሻ የሚል ያለበትም አለ። ያ ሰው ማን ነበረ? ለማን ሰጠው? ዛሬስ አለ ወይ? እንዲህ እያልህ ከማታውቀው ሰው ጋራ ትወዳጃለህ። ዶቃው የአኙዋኩን ሙሽራ ከሩቅ አያቶቹ ጋራ እንዳገናኘው ሁሉ፥ ሸክላውም አንተን ካለፈው ሰው ጋራ ያገናኝሃል።

ሦስት ደስታ እንዳለ ሦስት ፈተናም አለ። የመጀመሪያው ስስት ነው። ዛሬ አንዳንድ የኢትዮጵያ ሸክላ በውጭ አገር በመቶዎች በሚቈጠር ዶላር ይሸጣል። ይህን የሰማ ሰው የአሮጊቷን ሣጥን በጥቂት ብር ገዝቶ ባሕር ማዶ ቢልከው ነጋዴ ተባለ እንጂ ሰብሳቢ አይባልም። የዋጋውን ልክ ለባለቤቱ ሳይነግሩ መግዛትም ከማታለል አይርቅም። ሁለተኛው ትዕቢት ነው፤ ዘፈኑን ሳይሰማ ቍጥሩን እየቈጠረ እኔ ይህን ያህል አለኝ ለማለት ብቻ የሚደረድር ሰው አለ። ሦስተኛው ንፍገት ነው። ሸክላውን ለማንም አያሰማም፤ ድምፁንም ለማንም አያስገለብጥም። እንዲህ ያለው ሰው ሲሞት ልጆቹ ምን እንደ ሆነ ስለማያውቁ ያቃጥሉታል። የቪክቶሪያን ቱቦ የሰበረው ትእዛዝ ነበር፤ የእርሱን ሀብት የሚያጠፋው ግን የራሱ ንፍገት ነው።

ከእነዚህ ፈተናዎች የራቀ ምሳሌ ቢያስፈልግ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ሥራ ማስታወስ ይበቃል። እኒህ መነኩሲት በ1960ዎቹ በጀርመን አገር ያሳተሙትን የፒያኖ ሸክላ ገቢ ለችግረኛ ልጆች መርጃ አደረጉት። በ2023 በ99 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም እስኪያርፉ ድረስ በምናኔ ኖሩ፤ ሸክላቸው ግን በዓለም እየዞረ ብዙዎችን አጽናና። ሲሠሩት ለሌላው ብለው ስለ ሠሩት በኋላ ያገኘው ሁሉ ከለጋስ እጅ እንደ ተቀበለ ይቈጠራል።

በጋምቤላ የሚኖር ሰው ሸክላ ለመሰብሰብ ቢያስብ የአያያዙን ነገር ከደገኛው ይልቅ አጥብቆ ማወቅ አለበት። ጋምቤላ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለች ስለ ሆነች በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ክረምቱም እርጥብ ነው። ሸክላ በፀሐይ ወይም በቆመ መኪና ውስጥ ከተተወ እንደ ደረቀ እንጀራ ጠርዝ ይጣመማል፤ ከእርጥበት የተነሣ ደግሞ ሽፋኑ ይሻግታል። ስለዚህ ከግድግዳ ራቅ ባለ፥ ነፋስ በሚያገኝበት ጥላ ቦታ እንደ መጽሐፍ ማቆም ይገባል፤ አንዱን ባንዱ ላይ ማጋደም አይገባም። ሲይዙትም ጠርዙንና መካከሉን እንጂ ጣትን በመስመሩ ላይ አለማሳረፍ፥ አቧራውንም በለስላሳ ጨርቅ እንደ ክቡ መጥረግ ነው። ከአያያዝ ይቀደዳል፥ ከአነጋገር ይፈረዳል የተባለው ለሸክላም ይሠራል። መርፌ ሲያረጅ መለወጥ እንጂ ጨክኖ መጠቀም ሸክላውን ማረስ ነው።

አሁን አንድ ሰው ተነሥቶ፦ ዘፈኑ ሁሉ በስልክ ከተገኘ አሮጌ ሸክላ መሸከም ምን ይጠቅማል? ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱ ግን ይህ ነው። በስልክ የሚሰማው የድሮ ዘፈን ብዙው ራሱ ከአሮጌ ሸክላ የተገለበጠ ነው። አንድ ሰው ሸክላውን ባይጠብቅ ኖሮ በስልክም ባልተገኘ። ምንጩን ረስቶ ቧንቧውን ብቻ ማመስገን ደግሞ አላዋቂነት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ገና ይቀራል። ከአዲስ አበባ ሱቆች የወጡት ሸክላዎች አብዛኞቹ በአማርኛ የተዘፈኑ ናቸው። ጋምቤላ ግን የአኙዋክ፥ የኑዌር፥ የመዠንግር፥ የኦፖና የኮሞ ሕዝቦች አገር ናት። አኙዋኩ ቶም የሚለውን በአውራ ጣት የሚመታ መሣሪያ ይዞ ያዜማል፤ ኑዌሩ የሚወደውን በሬ ቀለምና የቀንዱን አወጣጥ እየጠራ ይዘፍንለታል፤ ከበሮውም ሲመታ መንደሩ ይሰበሰባል። ይህ ሁሉ ዘፈን ከዚያ ከ500 ሸክላ ቍጥር ውስጥ ቦታው ጥቂት ነው፤ ተጠብቆ የኖረው በሽማግሌዎችና በእናቶች ጕሮሮ ነው። ሽማግሌው ሲያርፍ አንድ ሣጥን ሸክላ አብሮት ይቀበራል። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንዲሉ፥ በባሮ ዳር ተቀምጦ ከሩቅ የመጣ ዘፈን ብቻ እየሰበሰቡ የአያትን ዜማ ማጣት እንዳይሆን ያስፈራል።

ስለዚህ በጋምቤላ የሚኖር ወጣት አሮጌ ሸክላ የመፈለግን ደስታ ከቀመሰ በኋላ በዚያው አይቁም። ያ በኪሱ የያዘው ስልክ አፄ ምኒልክ ከተደነቁበት ፎኖግራፍ የሚበልጥ መቅረጫ ነው። ዕሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ አያቱ ቤት ሄዶ፥ ፈቃዳቸውን ጠይቆ፥ የዘፈኑን ስምና የዘፋኙን ስም የተዘፈነበትንም ቀን መዝግቦ ይቅረጽ፤ ቅጂውንም በአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን በሁለትና በሦስት ቦታ ያኑር፤ አንዱንም ለባለቤቶቹ ቤተ ሰብ ይስጥ። ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በርጥቡ ይባላል። ነጋድራስ ተሰማ በጀርመን አገር መቅረጫው ፊት ሲቆሙ ከመቶ ዓመት በኋላ ማን እንደሚሰማቸው አላወቁም፤ የዛሬዋም አያት አታውቅም፤ የሚሰማ ግን ይመጣል።

እንግዲህ አሮጌ ሸክላ በእጅህ የገባ ወዳጄ ሆይ፥ የገዛኸው ገንዘብ ከፍለህ ቢሆንም አንተ የመጨረሻው ባለቤቱ አይደለህም። ከአንተ በፊት ሌላ ነበረው፤ ከአንተም በኋላ ሌላ ይኖረዋል። አደራ ጥብቅ ነው፥ ሰማይ ሩቅ ነው ይባላል። ስለዚህ ጠብቀው፥ ስማው፥ ለጎረቤትህም አሰማው፤ ስለ ዘፋኙና ስለ ዘመኑ የምታውቀውንም በወረቀት ጽፈህ ከሽፋኑ ውስጥ አኑር። ቀኑ ሲደርስ ደግሞ ዋጋውን ለሚያውቅ ሰው በደስታ አሳልፈህ ስጥ። ይህን ያደረገ ሰው ብዙ ሸክላ ባይኖረው እንኳ ጥሩ ሰብሳቢ ይባላል።